ከስልሳኛው ገጽ ወዲያ



ላይብረሪ ስትገቡ አንድ ወፍራም የኢንጂነሪንግ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውጡና ሳትከፍቱት በጎኑ ተመልከቱት። ገጾቹ የሚገለጡበትን ጠርዝ ማለቴ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ያለው በእጅ ብዛት ጠቁሯል። ከዚያ ጥቁረቱ ቀስ በቀስ ይሳሳና ቀሪው ልክ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነጭ ሆኖ ይቀጥላል። አሁን ክፈቱት። ከእንግሊዝኛው ቃላት በላይ በእርሳስ የተጻፉ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ አንዳንዴም የዐረብኛ ፍቺዎች ታገኛላችሁ። አንደኛው ምዕራፍ ላይ በየመስመሩ ናቸው። ሁለተኛው ላይ እዚህም እዚያም። ሦስተኛው ላይ አንድ ሁለት ብቻ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ስልሳኛው ገጽ አካባቢ ሰዉ ሁሉ ተሰናብቶ ሄዷል።

የዛሬው ጽሑፍ ስለ እነዚህ መጻሕፍት ነው፤ ተውሰናቸው፣ ጀምረናቸው፣ ሳንጨርስ ስለተውናቸው። ብዙ ጊዜ ስለ ንባብ ሲጻፍ «አንብቡ፣ አንብቡ» የሚል ምክር ይበዛል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ግን ማንበብ ፈልጎ፣ ተሰልፎ፣ መታወቂያውን አስይዞ መጽሐፍ ተውሶ መሐል ላይ ለቆመው ተማሪ ምንም አይነግረውም። እሱ ሰነፍ አይደለም። ሰነፍ መጀመሪያውኑ አይዋስም። ስለዚህ ለምን እንደሚቆም፣ መቼ መቆሙ ልክ እንደሆነ፣ ከቆመ በኋላስ ምን ቢያደርግ እንደሚሻል እንይ።

ይህ የእኛ ግቢ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመው «ኤ ብሪፍ ሂስትሪ ኦፍ ታይም» ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ መጽሐፍ ነው። ብዙ ሰው ገዝቶ ጥቂት ሰው የጨረሰው መጽሐፍ እየተባለም ይቀለድበታል። ጆርዳን ኤለንበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን ቀልድ ወደ ቁጥር ለወጠው። ኪንድል በሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ላይ አንባቢዎች በብዛት ያሰመሩባቸው ዐረፍተ ነገሮች ተለይተው ይታያሉ። ኤለንበርግ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ በብዛት የተሰመረባቸውን አምስት ቦታዎች ወስዶ የገጽ ቁጥራቸውን አማካይ አወጣ፤ ያንን ለመጽሐፉ ጠቅላላ ገጽ አካፈለ። ሰው እስከ መጨረሻ ካነበበ መስመሮቹ በመጽሐፉ ሙሉ ይበተናሉ፤ ከተወ ደግሞ መግቢያው ላይ ይታጨቃሉ። የሆኪንግ መጽሐፍ 6.6 በመቶ አገኘ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝኛ ታትሞ ዓለም ሲያወራለት የነበረው የቶማ ፒኬቲ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ደግሞ 2.4 በመቶ። በአንጻሩ «ዘ ጎልድፊንች» የተባለው ረጅም ልቦለድ 98.5 በመቶ ደረሰ።

ኤለንበርግ ራሱ ነገሩን ለጨዋታ ያህል እንጂ እንደ ጥናት አላቀረበውም። እኔም እንደ ኢንጂነሪንግ ተማሪ መለኪያው ላይ አንድ ነገር እላለሁ፦ የሐሳብ መጽሐፍ ዋና ነጥቡን መግቢያው ላይ ስለሚያስቀምጥ ሰው ጨርሶትም ቢሆን መግቢያው ላይ ሊያሰምር ይችላል። ልቦለድ ደግሞ የሚያምረውን ለመጨረሻ ያቆያል። ቢሆንም ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ሆኪንግ በመጽሐፉ ውስጥ በገባ በእያንዳንዱ እኩልታ ሽያጩ በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ስለተመከረ ከአንዲት የአንስታይን እኩልታ በቀር ምንም አላስገባም ነበር። እኩልታውን ሁሉ አውጥቶለትም ሰው አልጨረሰውም። ስለዚህ «ፎርሙላ ስለበዛበት ነው የተውኩት» የምንለው ሰበብ ሁልጊዜ አይሰራም ማለት ነው።

እኛ ጋ ስንመጣ ትልቁ ምክንያት ቋንቋ ነው ብዬ አምናለሁ። አብዛኞቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምረናል፤ ግን የተማርነው በእንግሊዝኛ በተጻፈ፣ አስተማሪው በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ባብራራልን መጽሐፍ ነው። ላይብረሪ ውስጥ አብራሪ የለም። እናንተና ገጹ ብቻ ናችሁ።

ፖል ኔሽን የተባሉ የኒውዚላንድ የቋንቋ ተመራማሪ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰርተዋል። አንድን ጽሑፍ ያለ ረዳት ተረድቶ ለማንበብ ከቃላቱ 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ ያስፈልጋል የሚለው ግምት ከእሳቸውና ከባልደረቦቻቸው ሥራ የመጣ ነው። 98 በመቶ ሲባል ብዙ ይመስላል፤ እናስላው። አንድ ገጽ 300 ቃላት ቢኖሩት፣ 98 በመቶ የሚያውቅ ሰው 6 እንግዳ ቃላት ይገጥሙታል። ይህ ከባድ አይደለም፤ ከዐውዱ ይገምታቸዋል። 95 በመቶ የሚያውቅ 15 ይገጥሙታል። 90 በመቶ የሚያውቅ ግን 30። አንዱን ቃል ስልክ ላይ ፈልጎ ለማግኘት አንድ ደቂቃ ቢፈጅ፣ አንዱ ገጽ ለመዝገበ ቃላት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። 200 ገጽ ያለው መጽሐፍ 100 ሰዓት ሆነ። ያም ንባቡ ራሱ ሳይቆጠር ነው! ከ90 በመቶ በታች ከሆነማ ደግሞ ዐውድ የሚባለው ራሱ ይጠፋል፤ እንግዳው ቃል በሌላ እንግዳ ቃል ተከቧልና።

እነዚያ በእርሳስ የተጻፉ ፍቺዎች የሚያሳዩት ይህንን ነው። ያ ተማሪ ለሁለት ምዕራፍ ያህል በገጽ ግማሽ ሰዓት ከፍሏል። ከዚያ ሚድ ደረሰ።

ስለዚህ መጽሐፍ ከመዋሳችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ ፈትኑት። መግቢያውን አትመኑ፤ መግቢያ ሁልጊዜ ይቀልላል። መሐሉን ክፈቱና አንድ ገጽ አንብቡ፤ ባላወቃችሁት ቃል ቁጥር ጣት እጠፉ። የአንድ እጅ ጣት ካለቀ በኋላ ገጹ ገና ከቀረ፣ መጽሐፉ በዛሬ አቅማችሁ ያለ ረዳት የሚሄድ አይደለም። ይህ ማለት ሞኝ ናችሁ ማለት አይደለም፤ ከፊቱ መነበብ ያለበት ሌላ መጽሐፍ አለ ማለት ነው።

ይህን ደግሞ መድረሳ የቀራ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ፊቅህ የሚቀራ ደረሳ ከትልቁ ሸርሕ አይጀምርም። ከሰፊና ወይም ከአቡ ሹጃዕ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የኢማም ነወዊይ ሚንሃጅ ይመጣል፤ ሚንሃጁን ከቀራ በኋላ ነው የሚንሃጅን ትልልቅ ሸርሖች የሚያየው። ነሕውም እንዲሁ ነው። ኣጅሩሚያ ጥቂት ገጾች ናት፤ አልፊያ ግን ወደ አንድ ሺህ ቤት ግጥም ነው፤ ከዚያ ደግሞ የአልፊያ ሸርሖች አሉ። መጀመሪያ መትን፣ ቀጥሎ ሸርሕ፣ ከዚያ ሓሺያ። አዲስ ደረሳ ሓሪማ ገብቶ «ተሕፋን ልቅራ» ቢል ሸይኹ ፈገግ ብለው ኣጅሩሚያውን ያቀብሉታል። ማንም አያፍርበትም፤ ሥርዓቱ ነውና።

ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ግን ይህን ሥርዓት ከበሩ ውጪ ጥለነው እንገባለን። ኮርስ አውትላይኑ ላይ የመጀመሪያ ረፈረንስ ተብሎ የተጻፈውን መጽሐፍ ሄደን እንዋሳለን። ለምሳሌ የኢንጂነሪንግ ልጆች የምናውቀውን የክሬይዚግን «አድቫንስድ ኢንጂነሪንግ ማቴማቲክስ» ውሰዱ። ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አንዱን እርምጃ «ግልጽ ነው» ብሎ ይዘላል፣ ለእኛ ግን ያ እርምጃ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ይህ ሸርሕ ነው፣ ምናልባትም ሓሺያ። እዚያው መደርደሪያ ላይ የስትራውድ «ኢንጂነሪንግ ማቴማቲክስ» አለ። ስትራውድ መጽሐፉን በትንንሽ ክፍሎች ቆራርጦታል፤ እያንዳንዷ ክፍል ትንሽ ታስተምርና ጥያቄ ትጠይቃችኋለች፤ መልሱ የሚቀጥለው ክፍል መጀመሪያ ላይ ነው። ሳትመልሱ አያሳልፋችሁም ማለት ይቻላል። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላችሁ የምትቀሩበት ሸይኽ ይመስላል። የሚገርመው፣ ስትራውድም ወፍራም ስለሆነ ሰው ከውጭ አይቶ ሁለቱን አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል።

ሌላም አለ፤ ተማሪ የሚያፍርበት። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የፊዚክስና የሒሳብ መጽሐፍ ለብዙ የአንደኛ ዓመት ኮርሶች ጥሩ መትን ነው። ቃላቱ አንድ ናቸው፣ ምልክቶቹ አንድ ናቸው፣ ማብራሪያው ግን ይቀልላል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዞ መታየት የሚከብዳችሁ ከሆነ በጋዜጣ ሸፍኑት።

እዚህ ላይ ስለ ኢብኑ ሲና ላንሳ። (ስለ ዐቂዳው ዑለሞች የተናገሩት የታወቀ ነው፤ እዚህ የማነሳው ስለ አነባበቡ ብቻ ነው።) በ980 ቡኻራ አቅራቢያ የተወለደው ይህ ሰው በአሥር ዓመቱ ቁርኣንን ሐፍዟል፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ እያለ ሕክምናን ተምሮ ሐኪሞች ከእሱ ሊማሩ ይመጡ ነበር። የአሪስጣጣሊስ «ሜታፊዚክስ» ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። በሕይወት ታሪኩ ላይ ራሱ እንደሚናገረው መጽሐፉን አርባ ጊዜ አነበበው። ቃሉን በልቡ ያዘው። ምን ለማለት እንደተጻፈ ግን ሊገባው አልቻለም፤ ተስፋ ቆርጦ ይህ መጽሐፍ የሚረዱበት መንገድ የለውም አለ።

ከዚያ አንድ ቀን በዐስር ሰዓት ወደ መጽሐፍ ሻጮች ገበያ ወጣ። አንድ ደላላ አንዲት መጽሐፍ ይዞ እየጮኸ ይሸጣል። ለኢብኑ ሲና ሲያቀርብለት፣ ይህ ትምህርት ጥቅም የለውም ብሎ ተቆጥቶ መለሰለት። ደላላው አልተወውም፤ ባለቤቱ ገንዘብ ቸግሮት ነው፣ ርካሽ ናት፣ በሦስት ዲርሃም ውሰዳት አለው። ገዛት። የአል-ፋራቢ ሥራ ነበረች፤ ስለ «ሜታፊዚክስ» ዓላማ የተጻፈች ትንሽ ጽሑፍ፣ ጥቂት ገጾች ብቻ። ቤቱ ሄዶ አነበባት። ትልቁ መጽሐፍ በልቡ ስለነበር ወዲያውኑ ሁሉም ተከፈተለት። በማግሥቱ ለአላህ ምስጋና ብሎ ለድሆች ብዙ ሰደቃ አወጣ።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል፤ ሲነገር ግን ጫናው አርባው ላይ ነው፦ «አየህ፣ አርባ ጊዜ አነበበ!» ለእኔ ግን ፍሬ ነገሩ ሦስቷ ዲርሃም ናት። አርባ አንደኛ ጊዜ ቢያነበው ኖሮ ይገባው ነበር የሚል ምልክት ታሪኩ ውስጥ የለም። የገባው፣ መጽሐፉ ስለምን እንደሆነ የምትነግር ቀጭን ጽሑፍ ስላገኘ ነው። እርግጥ አርባውም ከንቱ አልነበረም፤ ቃሉን ስለያዘው ነው ትንሿ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ያበራችለት። ግን የዘመናችን ተማሪ አርባ ጊዜ የሚያነብበት ሴሚስተር የለውም። ቀጭኗን መጽሐፍ ቀድሞ ቢፈልግ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ሌላ ጥያቄ ልሂድ። ከመካከላችን በረመዷን አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱም ሁለት ጊዜ ቁርኣንን የሚያኸትም ብዙ ነው። የመዲናው ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው። ያው ወንድም ወይም ያቺው እህት 200 ገጽ ያለው የላይብረሪ መጽሐፍ በአንድ ሴሚስተር አይጨርሱም። ለምን? የቁርኣን ደረጃ ከማንም መጽሐፍ ጋር አይወዳደርም፤ በረካውም፣ አጅሩም፣ የሚያነሳሳው ነገርም ሌላ ነው። ማነጻጸሬ አይደለም። ግን የአደራረጉን ዘዴ ብቻ ካየን የምንማረው አለ። ኸትሙ «ጊዜ ሳገኝ አነባለሁ» በሚል አይደረግም። በቀን አንድ ጁዝእ፣ ማለትም ወደ 20 ገጽ፤ ለአምስት ሰላት ሲካፈል ከእያንዳንዱ ሰላት በኋላ 4 ገጽ። ድርሻው የታወቀ ነው፣ ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ የሚያልቅበት ቀን የታወቀ ነው፣ ጓደኛም «የት ደረስክ?» ብሎ ይጠይቃል።

የላይብረሪ መጽሐፍ ይህ ሁሉ የለውም፣ ከመመለሻ ቀኑ በቀር። የውሰት ጊዜው ሁለት ሳምንት ነው እንበል። 200 ገጽ በ14 ቀን ሲካፈል በቀን 15 ገጽ አይሞላም፤ በአምስት ሰላት ሲካፈል ከእያንዳንዱ በኋላ 3 ገጽ። ሦስት ገጽ! የምሳ ሰልፍ ላይ ቆመን ከምናነበው የቴሌግራም ጽሑፍ ያንሳል። በርግጥ የጣት ፈተናውን ያላለፈ መጽሐፍ ከሆነ በ3 ገጽም አይሄድም፤ ስሌቱ የሚሰራው ደረጃው ከተመጣጠነ በኋላ ነው። የፈተና ሳምንትም ከስሌቱ ውጪ ነው።

ደረጃው ተመጣጥኖ፣ ድርሻው ተመድቦ፣ አሁንም መጽሐፉ ካልሄደስ? ያኔ ተዉት። ይህን ስል የሚከፋው ይኖራል፤ መድረሳ ያሳደገን ሰዎች የጀመሩትን ኪታብ ሳያኸትሙ መተው ነውር ነው ብለን ነው የተማርነው። ልክም ነው፣ ለኪታብ። ምክንያቱም ያንን ኪታብ ሸይኹ መርጠውልናል፣ ከእሳቸው በፊት የነበሩ ዑለሞችም መርጠውታል፤ ትውልድ ፈትኖት ያለፈ ነው። የላይብረሪ መደርደሪያ ላይ ያለው መጽሐፍ ግን በግዢ የመጣ አለ፣ በስጦታ የመጣ አለ፣ ከአርባ ዓመት በፊት ጊዜው ያለፈበት አለ። ሁሉም የሸይኽ ምርጫ የሚገባውን ክብር አይጠይቅም።

የሲያትሏ የላይብረሪ ባለሙያ ናንሲ ፐርል ለዚህ አንድ ሕግ አላት፦ ለመጽሐፉ 50 ገጽ ስጡት፤ እስከዚያ ካልያዛችሁ ተዉት። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ደግሞ ዕድሜያቸውን ከ100 ይቀንሱ፤ የ60 ዓመት ሰው 40 ገጽ ብቻ ይሰጣል፣ ጊዜው እያጠረ ነውና። ሕጉ ለልቦለድና ለጠቅላላ ንባብ ይሰራል፤ ለቴርሞዳይናሚክስ አይሰራም፤ ፈተናው 51ኛው ገጽ ላይ ሊሆን ይችላል። በራንጋናታን ሕግ ላይ ግን ልዩነት የለኝም። ራንጋናታን ማድራስ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ የነበረ፣ ኋላ የዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ኃላፊ የሆነ ሕንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የላይብረሪ ሙያን በአምስት አጫጭር ሕጎች ጠቀለለው፤ አራተኛው የአንባቢውን ጊዜ መቆጠብ ነው። ከላይብረሪ ሙያ አባቶች አንዱ የሆነው ሰው ራሱ መጽሐፉን ሳይሆን የአንባቢውን ጊዜ ነው ቆጥቡ ያለው።

ለምን ታዲያ መተው ይከብደናል? ገንዘብ አልከፈልንበትም፤ የከፈልነው ሌሊት ነው። አርክስና ብሉመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ቴአትር የዓመት ትኬት ለሚገዙ ሰዎች ለከፊሎቹ ሙሉ ዋጋ፣ ለከፊሎቹ በቅናሽ ሸጡ። ማን ቅናሽ እንደሚያገኝ የተወሰነው እንደ ዕጣ ነው። ቴአትሩ ለሁሉም ያው ነው፤ ሙሉ ዋጋ የከፈሉት ግን በዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ይበልጥ ይመላለሱ ነበር። የከፈሉት ገንዘብ ቢሄዱም ባይሄዱም አይመለስም፤ ግን እግራቸውን ጎተተው። የማይገባንን መጽሐፍ «እስከዚህ ደርሼ» ብለን ስንጎትት የምናደርገው ይህንኑ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ስንት ገጽ አነበብኩ አይደለም፤ ከነገ ጀምሮ ያለኝን ሰዓት በዚህ መጽሐፍ ላይ ባውል ይሻላል ወይስ በሌላ፣ ነው።

አንዳንዱ መጽሐፍ ደግሞ ባልጨረሳችሁትም ጨርሳችሁታል። ክሬይዚግ እንደ ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር እንዲነበብ አልተጻፈም፤ ደራሲው ራሱ ክፍሎቹ በአብዛኛው እርስ በርስ ሳይጠባበቁ ሊነበቡ እንደሚችሉ መቅድሙ ላይ ይነግራችኋል። ላፕላስ ትራንስፎርም ፈልጋችሁ ገብታችሁ፣ ምዕራፉን ሠርታችሁ ከወጣችሁ መጽሐፉ ሥራውን ሠርቷል። መዝገበ ቃላት አልጨረስኩም ብሎ የሚያዝን ሰው አላየሁም።

በእኔ እይታ እውነተኛው ጉዳት ሌላ ቦታ ነው። አንዱ፣ መጽሐፉን ትተን መጽሐፉን አለመመለሳችን ነው። በአንድ ዲፓርትመንት አንድ ወይም ሁለት ቅጂ ብቻ ያለው መጽሐፍ አለ። ፋይናል ሲቃረብ መስኮቱ ላይ «ወጥቷል» ይባላል። መጽሐፉ ግን ዶርም ውስጥ ነው፤ አልጋ ሥር፣ ወይም ላፕቶፕ እንዳይግል ከሥሩ ተደግፎ። የተዋሰው ልጅ መጥፎ ሰው አይደለም። «እጨርሰዋለሁ» ብሎ ነው። መመለስ መሸነፍን ማመን ስለሚመስለው ያዘገየዋል፤ በዘገየ ቁጥር ቅጣቱ ያሳፍረዋል፤ ስላፈረ ጭራሽ ወደ ላይብረሪው አይሄድም፤ ነገሩ የሚፈታው ክሊራንስ ሲሞላ ነው። ወሩን ሙሉ ያ መጽሐፍ ያስፈለገው ልጅ ወድቆ ሊሆን ይችላል። የተዋስነው ነገር አማና መሆኑን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ያላነበብነው መጽሐፍም አማናነቱ እንደማይቀንስ ግን አንዳንዴ የምንረሳ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጉዳት ይበልጣል። አንዱን ከባድ መጽሐፍ የተወ ተማሪ ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ራሱ ይፈርዳል፦ «ንባብ የእኔ አይደለም።» ከዚያ ወዲያ ሃንድአውትና ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች ብቻ ይሆናሉ። በጉጉት ገብተው በሁለተኛ ዓመት ላይብረሪን ለዋይፋይ ብቻ የሚያውቁ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹ ገና በልጅነታቸው ኣጅሩሚያን በቃላቸው የሚወጡ ናቸው። አእምሮ አላነሳቸውም። ከተሕፋ እንዲጀምሩ ነው የተደረጉት፤ ኣጅሩሚያውን የሚያቀብል ሰው አላገኙም።

የሚያቀብለው ሰው ደግሞ ከሲኒየሮች መካከል መውጣት አለበት። ላይብረሪ መዝገቡ የትኛው መጽሐፍ መቼ ወጥቶ መቼ እንደተመለሰ ያሳያል፤ ማን ስንተኛው ገጽ ላይ ለምን እንደቆመ አይጽፍም። ያንን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ መጽሐፍ ስትተዉ በትንሽ ወረቀት ሦስት ነገር ጻፉ፦ የቆማችሁበትን ገጽ፣ ያልገባችሁን ነገር በጥያቄ መልክ፣ እና ምን ባውቅ ኖሮ አልፈው ነበር የምትሉትን። «ገጽ 63። ጋውስ ኤሊሚኔሽን ላይ ረድፉን ለምን ያቀያይራል? ማትሪክስን ከ11ኛ ክፍል መጽሐፍ ማየት አለብኝ።» ይህች ወረቀት ከተጻፈች መጽሐፉ ተቀጠረ እንጂ አልተተወም። ከሁለት ወር በኋላ ስትመለሱ ከገጽ አንድ አትጀምሩም፤ ጠርዙ ከጠቆረበት አልፋችሁ ነጩ ላይ ነው የምትጀምሩት። ያንኑ ኮርስ የጨረሰ ሲኒየር ስታገኙም «አልገባኝም» ከማለት ይልቅ ጥያቄዋን ታነቡለታላችሁ፤ እሱም በአምስት ደቂቃ የትኛውን ቀጭን መጽሐፍ ማየት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ከመግሪብ እስከ ኢሻ ባለው ጊዜ ይህን መጠያየቅ የለመዱ ልጆች አሉ፤ በሰላት ቦታው በረንዳ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

ወረቀቷን መጽሐፉ ውስጥ አትተዉት፣ ደብተራችሁ ውስጥ አድርጓት። በእርሳስ የጻፋችሁትን ፍቺ ግን ካላስቸገራችሁ አታጥፉ፤ ላይብረሪያኑ አይወደውም፣ ቀጣዩ ተማሪ ግን አንድ ደቂቃ ያተርፍበታል። መጽሐፉን ከዙህር በፊት መልሱት፤ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ላይ ሰልፍ ይበዛል።